“የተሸጠ ዕቃ አይመለስም”፦ ጉድለት ያለበት ጫማ የገዛ ሸማች ምን መብት አለው?

በከተማም ሆነ በገጠር የገበያ ማዕከላት በብዙ የጫማ መሸጫ ሱቆች ግድግዳ ላይ “የተሸጠ ዕቃ አይመለስም፣ አይለወጥም” የሚል ጽሑፍ ይነበባል። ይህች አጭር ዓረፍተ ነገር ብዙ ሸማቾችን ከበር ትመልሳለች። ጫማው በተገዛ በሳምንቱ ሶሉ ሲላቀቅ፣ ስፌቱ ሲተረተር ወይም “ቆዳ ነው” ተብሎ የተሸጠው ላዩ ሲላላጥ ሸማቹ ዕድሉን አማርሮ ዝም ይላል፤ አለዚያም ጫማውን ይዞ ወደ ጫማ ሰፊ ይሄዳል። ሕጉ የሚለው ግን ሌላ ነው። ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው የመጠየቅ መብት አለው፤ መብቱ ግን የጊዜ ገደብ ያለበት በመሆኑ አስቀድሞ ሊታወቅ ይገባል።

ጫማ ለአርሶ አደሩ ጌጥ ብቻ አይደለም

ለከተማ ነዋሪ የተቀደደ ጫማ የገንዘብ ኪሳራ ነው። ለአርሶ አደሩ ግን ከዚያ ያለፈ ነገር አለው። በምሥራቅና በምዕራብ ጎጃም፣ በአዊ እንዲሁም ቀይ አፈር ባለባቸው ሌሎች ደጋማ አካባቢዎች ፖዶኮኒዮሲስ የሚባለው፣ በተለምዶ የእግር ዝሆኔ እየተባለ የሚጠራው ሕመም ይታወቃል። ሕመሙ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። መነሻው ለረዥም ጊዜ በባዶ እግር ከእሳተ ገሞራ በተፈጠረ ቀይ አፈር ላይ መመላለስ ሲሆን፣ መከላከያው ደግሞ ጫማ ማድረግና እግርን አዘውትሮ መታጠብ ነው። በእርሻ መካከል ሶሉ የተላቀቀ ቦት ጫማ ጭቃውን ወደ ውስጥ ያስገባል እንጂ አይከላከልም። እህል ሸጦ ለቤተሰቡ ጫማ የገዛ አባወራ ሁለተኛ ጫማ የሚገዛበት ገንዘብ እስኪያገኝ ድረስ ክረምቱ ሊያልፍ ይችላል።

ሕጉ ምን ይላል?

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት፣ አማርጦ የመግዛት፣ በነጋዴው ዘንድ በትሕትናና በአክብሮት የመስተናገድ መብት ሰጥቶታል። በገዛው ዕቃ ላይ ጉድለት ካገኘ ደግሞ ከገዛበት ቀን ጀምሮ ባሉት 15 ቀናት ውስጥ ዕቃው እንዲለወጥለት ወይም የከፈለው ዋጋ እንዲመለስለት ሻጩን መጠየቅ ይችላል። በዕቃው ጉድለት ምክንያት ጉዳት ከደረሰበትም ካሳ የመጠየቅ መብቱ የተጠበቀ ነው።

ከአዋጁ ቀደም ብሎ የወጣው የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግም ሻጭ የሸጠው ዕቃ ከጉድለት ነጻ ስለመሆኑ ኃላፊነት እንዳለበት ይደነግጋል። በዚህ ሕግ መሠረት ዕቃው ለተለመደው አገልግሎቱ የሚያስፈልገው ጥራት ከሌለው፣ ወይም ሻጭና ገዥ የተስማሙበት ባሕርይ ከጎደለው ጉድለት አለበት ይባላል። ይህን ወደ ጫማ ስናመጣው ነገሩ ግልጽ ይሆናል። የእርሻ ቦት ጫማ የተለመደ አገልግሎቱ በጭቃና በውኃ ውስጥ መሄድ ነው። ስለዚህ በጥቂት ቀናት ውስጥ ማስቲሹ ለቅቆ ውኃ ካስገባ፣ ሻጩ “ውኃ ነክቶት ነው” ብሎ ሊያመካኝ አይችልም። “ንጹሕ ቆዳ” ተብሎ የተሸጠ ጫማ ላዩ ተላጦ ጨርቅ ከወጣም ስምምነቱ ፈርሷል።

መብቱ የማይሸፍነው

ይህ ሲባል ማንኛውም ጫማ ይመለሳል ማለት አይደለም። ገዥው ቀለሙን ስላልወደደው፣ ሐሳቡን ስለለወጠ ወይም በሌላ ሱቅ ረክሶ ስላገኘው ሻጩ ገንዘብ እንዲመልስ በጉድለት ስም ማስገደድ አይቻልም። እሳት ዳር ደርቆ የተኮማተረ፣ በማረሻ የተቆረጠ ወይም ከመጠን በላይ አገልግሎ ያለቀ ጫማም የሻጩ ኃላፊነት አይደለም። ጉድለቱን እያየና እያወቀ፣ በዚያው ምክንያት ዋጋ አስቀንሶ የገዛ ሰውም በኋላ በዚያው ጉድለት መክሰስ አይችልም።

በግድግዳ ላይ ያለው ጽሑፍ ቦታውም እዚህ ላይ ነው። ሻጩ ሐሳቡን የለወጠ ገዥን ለመመለስ ጽሑፉን ሊጠቅስ ይችላል። አዋጁ ለሸማቹ የሰጠውን መብት ግን የተለጠፈ ወረቀት ሊሽረው አይችልም።

15 ቀን በገበያ ቀን ሲቆጠር

ከገጠር ወደ ወረዳ ከተማ የሚመጣ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚመጣው በሳምንት አንድ ቀን፣ በገበያ ቀን ነው። ቅዳሜ የተገዛ ጫማ በሚቀጥለው ቅዳሜ ሰባተኛ ቀኑ፣ በተከታዩ ቅዳሜ ዐሥራ አራተኛ ቀኑ ነው። በሦስተኛው ቅዳሜ 21 ቀን ይሞላዋል። ስለዚህ አርሶ አደሩ ያለው ዕድል ሁለት የገበያ ቀን ብቻ ነው። “ሥራው ቀለል ሲል እወስደዋለሁ” ማለት መብትን በእጅ እያሉ ማሳለፍ ነው።

ሌላው መሰናክል ጫማን ለበዓል ገዝቶ ማስቀመጥ ነው። “ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ” እንዲሉ አዲስ ልብስና ጫማ ለበዓል መዋሉ ያማረ ልማድ ነው። ነገር ግን ከበዓሉ ሦስት ሳምንት ቀድሞ ተገዝቶ በካርቶን የተቀመጠ ጫማ በበዓሉ ዕለት ሶሉ ቢላቀቅ 15ቱ ቀን አልፏል። ጫማውን በተገዛ ማግስት ማድረግ፣ ማጠፍ፣ ስፌቱንና ሶሉን መመርመር ከዚህ ያድናል።

15 ቀን አለፈ ማለት ግን ሁሉም በር ተዘጋ ማለት አይደለም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ መሠረት በዓይን የማይታይ ጉድለት በኋላ ሲገለጥ ገዥው ሳይዘገይ ለሻጩ ማሳወቅ ይኖርበታል፤ ክሱንም ካሳወቀበት ጊዜ አንሥቶ በአንድ ዓመት ውስጥ ማቅረብ ይችላል። ቁልፉ ነገር ጉድለቱ እንደታየ ወዲያው ማሳወቅ ነው።

ደረሰኝ ከሌለስ?

ነጋዴ ለሸጠው ዕቃ ደረሰኝ የመስጠት ግዴታ አለበት። ደረሰኝ መቀበል ለመንግሥት ግብር ብቻ ሳይሆን ለገዥው ራሱ ዋስትና ነው፤ ቀኑን፣ ዋጋውንና ሻጩን በአንድ ወረቀት ያስረዳል። ሆኖም ደረሰኝ የሌለው ሁሉ መብት የለውም ማለት አይደለም። እንደ ጫማ ያለ ተንቀሳቃሽ ዕቃ ሽያጭ በጽሑፍ ካልሆነ አይጸናም የሚል ሕግ የለም። ሲገዛ አብሮ የነበረ ጎረቤት ወይም የቤተሰብ አባል ሊመሰክር ይችላል። ዋጋው በሞባይል ባንክ ተከፍሎ ከሆነ የክፍያው መልእክት ማስረጃ ነው።

ሻጩ “እኔ አልሠራሁትም፤ ፋብሪካውን ጠይቅ” ቢል መልሱ አጭር ነው። ገዥው ገንዘቡን የከፈለው ለሻጩ በመሆኑ የሚጠይቀውም እርሱን ነው። ሻጩ ደግሞ በተራው ዕቃውን ያቀረበለትን አከፋፋይ ሊጠይቅ ይችላል። ለዚህም ነው ጫማ በደርዘን ከአዲስ አበባ የሚያመጣ የወረዳ ነጋዴ ከአከፋፋዩ ደረሰኝ መቀበሉ ለራሱም የሚጠቅመው።

ከሱቅ እስከ ፍርድ ቤት

ጉድለት የታየበትን ጫማ ማድረግ ማቆም የመጀመሪያው እርምጃ ነው። ሻጩ ሳያየው ለጫማ ሰፊ ወይም ለሊስትሮ መስጠት አይገባም፤ ከተሰፋና ከተለጠፈ በኋላ ጉድለቱ ከማን እንደሆነ ለመለየት ያስቸግራል። ጫማውን አጽድቶ፣ ፎቶግራፍ አንሥቶ፣ ካርቶኑንና ደረሰኙን ይዞ፣ ከተቻለ ከአንድ ምስክር ጋር ወደ ሱቁ መሄድ ይገባል።

ጥያቄው በጨዋነት ግን በግልጽ ይቅረብ፦ “ይህን ጫማ በዚህ ቀን ገዛሁ፤ ይህ ጉድለት ተገኘበት፤ ይለወጥልኝ ወይም ገንዘቤ ይመለስልኝ።” ሻጩ እምቢ ካለ ይህንኑ ቃል ከነቀኑ በጽሑፍ አስፍሮ አንዱን ቅጂ ለሻጩ መስጠት፣ ሌላውን ማስቀረት ጊዜው ሳያልፍ መጠየቁን ያስረዳል።

በዚህ ካልተፈታ ሸማቹ አቤቱታውን በወረዳው ወይም በከተማ አስተዳደሩ ላለው የንግድ ጽሕፈት ቤት ማቅረብ ይችላል። ጽሕፈት ቤቱ የንግድ ፈቃድ የሚሰጥና የሚቆጣጠር በመሆኑ ብዙ ጉዳዮች ሻጩ ሲጠራ በስምምነት ያልቃሉ። በስምምነት ካላለቀ ገንዘቡንና ካሳውን በፍርድ ቤት መጠየቅ ይቻላል። ለአንድ ጥንድ ጫማ መካሰስ ለብዙዎች አድካሚ ነውና በመጀመሪያዎቹ ሁለት ደረጃዎች ላይ ማስረጃ ይዞ በወቅቱ መቅረብ የተሻለው መንገድ ነው።

የሸማቹ መጠየቅ ለታማኝ ነጋዴም ጥቅም ነው። ጉድለት ያለበት ዕቃ ሲመለስበት ለአከፋፋዩ የሚመልስ ነጋዴ በበዛ ቁጥር ደካማ ጫማ የሚያቀርብ አምራች ገበያ ያጣል። ማንም ሳይጠይቅ ሲቀር ግን ጥሩውን በተገቢው ዋጋ የሚሸጠው ነጋዴ ርካሹንና ደካማውን ከሚሸጠው ጋር መወዳደር ያቅተዋል።