የማኦ ቋንቋዎች

የማኦ ቋንቋዎች በምዕራብ ኢትዮጵያ፣ በተለይም በወለጋና በቤኒሻንጉል ጉሙዝ፣ የሚነገሩ አራት ተዛማጅ ቋንቋዎች ናቸው። እነርሱም የባምባሲ ማኦ፣ ሆዞ፣ ሴዜ እና ጋንዛ ናቸው። ሆዞና ሴዜ በምዕራብ ወለጋ በቤጊ ዙሪያ ይነገራሉ። የባምባሲ ማኦ ተናጋሪዎች በባምባሲ አካባቢ፣ እንዲሁም ከነቀምት ወደ ጊምቢ ሲኬድ የሚሻገሩት የዴዴሳ ወንዝ በሚፈስበት ሸለቆ ይኖራሉ። ጋንዛ በኢትዮጵያና በሱዳን ድንበር አካባቢ ይነገራል።

ስሙና ቋንቋው

«ማኦ» ተብሎ የሚጠራ ሕዝብ ሁሉ የማኦ ቋንቋ ይናገራል ማለት አይደለም። በቄለም ወለጋ የሚገኘው አንፊሎ ቀድሞ «ደቡብ ማኦ» ይባል ነበር፤ ሆኖም ቋንቋው የሚመደበው ከካፋና ከሸካ ቋንቋዎች ጋር ነው። የቋማ ተናጋሪዎችም ብዙ ጊዜ ማኦ ይባላሉ፤ ቋንቋቸው ግን ከኮሞ ጋር የሚዛመድ ሲሆን በአብዛኛው ከናይሎ ሰሃራዊ ቋንቋዎች ይቆጠራል። ስለዚህ በአንድ ስም ሥር ሦስት የተለያዩ የቋንቋ ወገኖች ይገኛሉ።

ምደባ

ሃሮልድ ፍሌሚንግ እ.ኤ.አ. በ1969 ቀድሞ «ምዕራብ ኩሻዊ» ይባሉ የነበሩትን ቋንቋዎች ከኩሻዊ ለይቶ ኦሞአዊ አላቸው። ሊዮኔል ቤንደር በበኩሉ የማኦ ቋንቋዎችን የኦሞአዊ አንድ ቅርንጫፍ አድርጎ መደባቸው። ለዝምድናው ከሚቀርቡት ማስረጃዎች አንዱ ተውላጠ ስም ነው፦ «እኔ» በባምባሲ ማኦ «ቲ»፣ በወላይትኛና በካፊኛ «ታ» ነው። እንዲህ ያሉ ቃላት ከጎረቤት ቋንቋ በቀላሉ ስለማይወሰዱ በምደባ ትልቅ ክብደት ይሰጣቸዋል። ይሁን እንጂ ጥቂት ተመሳሳይ ቃላት ብቻቸውን ዝምድናን አያረጋግጡም፤ በመሆኑም ማኦን ራሱን የቻለ ቤተሰብ የሚያደርጉ ምሁራንም አሉ። በቤተሰቡ ውስጥ ይበልጥ የሚቀራረቡት ሆዞና ሴዜ ናቸው።

የባምባሲ ማኦ ከነጠላና ከብዙ ቁጥር በተጨማሪ ለሁለት ብቻ የሚያገለግል ቁጥር አለው። ይህም በአማርኛም ሆነ በኦሮምኛ የለም።

የቋንቋዎቹ ሁኔታ

በወለጋ ከተሞች የገበያና የትምህርት ዋና ቋንቋ ኦሮምኛ ስለሆነ ብዙ የማኦ ቤተሰቦች ወደ ኦሮምኛ ተሸጋግረዋል። አንፊሎን አሁን የሚያውቁት ጥቂት አረጋውያን ብቻ ናቸው። ምደባው ለተግባርም ያስፈልጋል፦ «በማኦ ቋንቋ» ተብሎ በባምባሲ ማኦ የተዘጋጀ የመማሪያ መጽሐፍ ለቋማ ተናጋሪ ሕፃን ባዕድ ቋንቋ ነው።