ስለ ንግድ፤ ከመደብሩ አስቀድሞ ጉድለቱን ስለ መፈለግ

ከደመወዙ በላይ ጥቂት ገቢ ለቤቱ ለመጨመር የማይመኝ ሰው አይገኝም። ምኞቱም የሚነቀፍ አይደለም፤ ልጅን ማስተማር፣ ወላጅን መጦር፣ እንግዳንም ማስተናገድ ሁሉ ገንዘብ ይፈልጋልና። ነገር ግን እኛ በጽሕፈት ሥራችን ላይ ሆነን የዕዳ ክርክር ሲሰማ ብዙ ጊዜ የምናየው አንድ ነገር አለ። ይኸውም ባልና ሚስት ተማክረው የወርቁን ሐብል ይሸጣሉ፣ ከዘመድም ይበደራሉ፣ ሱቅም ይከፍታሉ። ዕቃውን አስገብተው መደርደሪያውን ካሳመሩ በኋላ ገዥውን ይጠብቃሉ፤ ገዥው ግን አይመጣም። ምክንያቱን ሲጠየቁ፣ ጎረቤታችን ከፍቶ ሲጠቀም አይተን ነው ይላሉ። ጎረቤት የሚሸጠውን ነገር በዚያው ሠፈር ደግሞ መሸጥ ግን ለጠገበ ሰው ምሳ እንደ ማቅረብ ነው። ሳይቸግር ጤፍ ብድር የተባለውም እንዲህ ላለው ነገር ይስማማል።

ስለዚህ ንግድ የሚጀመረው ዕቃ በመግዛት ሳይሆን ጉድለትን በመፈለግ ነው እንላለን። ጉድለት ማለታችን ሰዎች ዘወትር የሚቸገሩበት፣ የሚያጉረመርሙበትም፣ ነገር ግን የሚበጅ መላ ያላገኙለት ነገር ነው። ይህ እንዴት እንደሚገኝ ለማስረዳት የአንዲትን ጀርመናዊት የቤት እመቤት ታሪክ እናቀርባለን። ነገሩ የቡና ነገር ስለሆነ ለአንባቢዎቻችን ቤት እንግዳ አይደለም። የምንጠራቸው ዓመታትም ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ወይዘሮ ሜሊታ ቤንትስ በ1873 ዓ.ም. በድሬስደን ከተማ ተወለዱ። በዘመናቸው በአገራቸው ቡና ሲፈላ ዱቄቱ ከውሃው ጋራ ተደባልቆ ስለሚቀር፣ ጠጪው አተላውን አብሮ ይጠጣው ነበር፤ ጣዕሙም ይመር ነበር። በጨርቅ የሚያጠሉም ነበሩ፤ ነገር ግን ጨርቁን ማጠብ አድካሚ ነበር። በእኛ አገር እመቤቲቱ ጀበናውን በማቶቱ ላይ አስቀምጣ እስኪሰክን ትጠብቃለች፣ በዝግታም ትቀዳለች፤ ስለዚህ የአተላ ነገር ምን ያህል እንደሚያስቸግር ማስረዳት አያሻንም።

ወይዘሮ ሜሊታም አንድ የናስ ዕቃ ወስደው ታቹን በምስማር በሱት፤ ከልጃቸው ደብተር ቀለም መምጠጫውን ወረቀት ቆርጠው በውስጡ አነጠፉ፤ የቡናውንም ዱቄት ጨምረው የፈላ ውሃ አፈሰሱበት። ወደ ስኒው የወረደው ቡና አተላ የሌለው፣ ምሬቱም የቀነሰ ሆነ።

ልብ እንዲባልልን የምንፈልገው ከዚህ ቀጥሎ ያደረጉትን ነው። ንብረት ሸጠው ፋብሪካ አልከፈቱም። ወዳጆቻቸውን ቡና ጠርተው አቀመሱ፤ በእርሳቸው ቤት ያለው ችግር በሌላውም ቤት እንዳለ ተረዱ። በ1908 ዓ.ም. በበርሊን ካለው መሥሪያ ቤት የፈጠራ መብታቸውን አስከበሩ፤ በዚያው ዓመት በዲሴምበር 15 ቀን ኩባንያቸውን በ73 ፕፌኒግ መነሻ ገንዘብ አስመዘገቡ። አንድ ማርክ 100 ፕፌኒግ ስለሆነ ገንዘቡ አንድ ማርክ እንኳ አልሞላም። የሥራ ቦታቸውም ከመኖሪያ ቤታቸው አንዱ ክፍል ነበረ። ዕቃውን ቆርቆሮ ሠሪ እየሠራላቸው፣ ባለቤታቸው ሁጎና ልጆቻቸውም እየረዷቸው፣ በ1909 ዓ.ም. በላይፕሲግ ታላቅ ገበያ 1,200 ማጥለያ ሸጡ። ይህ ቁጥር ከምስጋና ሁሉ የበለጠ ምስክር ነው፤ ገዥው ከኪሱ አውጥቶ መስክሯልና።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ባላቸው ለዘመቻ ተጠሩ፤ ወረቀት በልክ የሚሰጥ ሆነ፤ ቡናም በባሕር መዘጋት ምክንያት ወደ አገሩ መግባት አቃተው። ወይዘሮ ሜሊታ ግን ካርቶን እየሸጡ ቤታቸውን አቆዩ። ከጦርነቱ በኋላ ሥራው ሰፍቶ በ1928 ዓ.ም. 80 ሠራተኞች ነበሩት፤ በ1929 ዓ.ም. ወደ ሚንደን ከተማ ተዛወረ። እርሳቸው በ1950 ዓ.ም. ዐረፉ፤ ኩባንያው ግን ዛሬም በስማቸው እየተጠራ በዚያው ከተማ ይገኛል።

ከዚህ ታሪክ ሦስት ምክር እናወጣለን። መጀመሪያ፣ በገዛ ቤታችን ዕለት ዕለት የሚሰማውን ማጉረምረም እንስማ። ሰው አንድን ነገር ለማቃለል አስቀድሞ ድካም ወይም ገንዘብ የሚያወጣ እንደሆነ፣ በዚያ እውነተኛ ጉድለት አለ።

ሁለተኛ፣ ወዳጅን ስንጠይቅ “ይህ ነገር መልካም አይደለምን?” አንበል። የአገራችን ሰው ይሉኝታ ስላለው ወዳጁን ላለማሳዘን ግሩም ነው ይላል፤ በተለይም ጠያቂው ባለ ማዕረግ የሆነ እንደሆነ ይበልጥ ያመሰግናል። ይልቅስ “ይህ ሲቸግርዎ እስካሁን ምን ያደርጉ ነበር? ስንትስ ያወጡበታል?” ብሎ መጠየቅ ይሻላል። ከዚያም ጥቂት ሠርቶ በዋጋ መሸጥና፣ ሁለተኛ ሊገዛ የሚመለሰውን ሰው መቍጠር ነው።

ሦስተኛ፣ ለሙከራው የሚወጣው ገንዘብ ቢጠፋ ቤት የማያፈርስ ይሁን። ገዥ አለመኖሩ በጥቂት ብር ከታወቀ፣ ያ ኪሣራ ሳይሆን የትምህርት ዋጋ ነው።

እንግዲህ ንግድ ያሰቡ ባልና ሚስት የወርቁን ሐብል ከሣጥን ከማውጣታቸው በፊት፣ አንድ ወር ያህል በየገበያውና በየጎረቤቱ እየተዘዋወሩ ሰው ምን እንደ ጎደለው ይጠይቁ። ጉድለቱን ካገኙት መነሻው ገንዘብ ጥቂት ቢሆንም ሥራው ይቃናላቸዋል፤ ካላገኙትም ሐብሉ በሣጥኑ፣ ፍቅራቸውም በቤታቸው ይቆይላቸዋል።