መድረክ ሳይኖራቸው የመሰከሩ

በሚያዝያ 1929 ዓ.ም. የሱዳን ኢንቴሪየር ሚሽን ሚስዮናውያን በጣሊያን ወራሪ መንግሥት ተገደው ወላይታ ሶዶን ሲለቁ፣ ትተዋቸው የሄዱት የተጠመቁ አማኞች 48 ብቻ ነበሩ። በገዛ ቋንቋቸው የተተረጎመላቸው የማርቆስ ወንጌልና ጥቂት የተመረጡ ክፍሎች ነበሩ፤ አብዛኞቹም ማንበብ የማይችሉ ገበሬዎች ነበሩ። ጣሊያን ተሸንፎ ሚስዮናውያኑ ሲመለሱ የጠበቃቸው ምእመን 10,000 ገደማ እንደሚሆን ተገመተ።

ይህ ታሪክ በወንጌላውያን አማኞች ዘንድ ተደጋግሞ ይነገራል፤ ብዙውን ጊዜ ግን ቁጥሩ ላይ ደርሶ ያበቃል። ከቁጥሩ ይልቅ መጠየቅ ያለበት ያ ሁሉ ሰው ከማን አፍ እንደሰማ ነው። ደመወዝተኛ ወንጌላዊ አልነበረም። ጸሎት ቤቶችም ፈርሰው ነበር። ወንጌል የተጓዘው በዝምድና፣ በጉርብትናና በገበያ መንገድ ነው፦ ያመነው ለወንድሙ ነገረ፣ የወንድሙ ሚስት ደግሞ ለእናት አባቷ ቤት አደረሰች። እንደ ዋንዳሮ ያሉ መሪዎች ታስረው ሲገረፉ፣ ሌሎቹ አማኞች ስንቅ ይዘው ወደ ወህኒ ቤት ተመላለሱ። ለእስረኛ ምግብ የሚያቀብለው የሥጋ ዘመዱ በነበረበት አገር፣ ምንም ዝምድና የሌለው ሰው ምግብ ተሸክሞ ሲመጣ ያየ ሁሉ ምክንያቱን መጠየቁ አይቀርም። ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመስጠት ደግሞ የነገረ መለኮት ዲግሪ አያስፈልግም ነበር። ቆይተውም የወላይታ አማኞች ሚስትና ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ጋሞ፣ ወደ ጎፋ፣ ወደ ሲዳማና ወደ ኣሪ ምድር ተሻገሩ፤ ከሰው ጋር እየኖሩ፣ ቋንቋውን እየለመዱ መሰከሩ።

ከአርባ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በደርግ ዘመን ነገሩ ተደገመ። በጥር 1974 ዓ.ም. የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ተዘጋች፤ ንብረቷ ተወረሰ፤ መሪዎቿም ከአራት ዓመት በላይ ታሰሩ። ያኔ አባላቷ 5,000 ገደማ ነበሩ። ደርግ ወድቆ በግልጽ መሰብሰብ ስትጀምር 34,000 ያህል ሆነው ተገኙ። አዳራሽ ያጣው ምእመን በየቤቱ ጥቂት ጥቂት እየሆነ ይሰበሰብ ነበር፤ ሰው ሲበዛ ቡድኑ ለሁለት ይከፈላል፣ አዲሱም ቡድን የሚመራው ሰው ያስፈልገዋል። ስለዚህ መምህሩም፣ ተማሪውም፣ የቤት እመቤቷም መሪዎች ሆኑ። የሴቶቹ ድርሻ በተለይ ትልቅ ነበር፤ ታሪኩ በሚነገርበት መድረክ ላይ ስማቸው እምብዛም አለመነሳቱ ያሳዝነኛል።

ዛሬ ነጻነቱ አለ። በ1976ቱ የሕዝብ ቆጠራ ፕሮቴስታንቶች ከአገሩ ሕዝብ 5.5 ከመቶ ነበሩ፤ በ1999ኙ 18.6 ከመቶ ደርሰዋል። የቴሌቪዥን ጣቢያው፣ የስታዲየሙ ጉባኤ፣ በየአውራ ጎዳናው የተሰቀለው የነቢያት ፎቶግራፍ ሁሉ በዚሁ ነጻነት የመጣ ነው። በዚህ ሁሉ መሀል ግን ተራው አማኝ ቀስ በቀስ ተመልካች ሆኗል። ስለ እምነትህ ለጎረቤትህ ነግረኸው ታውቃለህ ቢባል፣ «እኔ ጸጋው የለኝም» ይላል፤ ቢበዛ «ጉባኤ ልጋብዘውና ፓስተሩ ይንገረው» ይላል። ይህን የሚለው ክፉ ሰው ስለሆነ አይደለም። ለዓመታት ያየው ማይክራፎን የያዘ ሰው ሲናገር ብቻ ስለሆነ፣ መመስከር ማለት መስበክ መስሎታል።

በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ አራት ያለችው ሳምራዊት ሴት ግን እንስራዋን ትታ ወደ ከተማ የሮጠችው ኢየሱስን ባገኘችበት በዚያው ቀን ነው። ያልገባት ብዙ ነገር ነበር፤ የተናገረችው የደረሰባትን ነው። ለሥራ ባልደረባ፣ ለእህት፣ አብሮ ለሚኖር ጓደኛ ከዚህ የተለየ ንግግር አያስፈልግም። ምን ተስፋ አስቆርጦኝ ነበር? ማን አነሳኝ? ዛሬስ የምጸልየው ለምንድን ነው? ከባድ ጥያቄ ሲመጣ «አላውቅም፤ ጠይቄ እነግርሃለሁ» ማለት ያስከብራል እንጂ አያዋርድም።

በአገራችን ብዙ ሰው ልቡን የዘጋው በወንጌሉ ምክንያት አይደለም፤ በነገረው ሰው አኳኋን ነው። የኦርቶዶክስ ጎረቤትን ታቦት ወይም የሙስሊሙን ሶላት እየነቀፉ መጀመር ፍቅርን ገና ከበሩ ያስወጣል። ለቅሶ ቤት ገብቶ ሐዘንተኛን በክርክር ማፋጠጥ ጭካኔ ነው። ሥራ ወይም እርዳታ ሰጥቶ በምላሹ እምነት መጠበቅ፣ በተለይም እምቢ ለማለት አቅም በሌላት የቤት ሠራተኛ ላይ፣ ኃጢአት ነው ብዬ አምናለሁ። የምሥራቹን የሚሰማ ሰው ላለመቀበል ሙሉ ነጻነት ሊኖረው፣ ሳይቀበልም ቡናው፣ እድሩና ጥየቃው እንደ ቀድሞው ሊቀጥል ይገባል።

ከቤተ ክርስቲያን መሪዎች የምጠይቀው ትንሽ ነገር ነው። ከእሁዱ መርሐ ግብር አሥር ደቂቃ ለነርሷ፣ ለታክሲ ሾፌሩ፣ ጉልት ለምትቸረችረው እናት ስጧቸው። ስብከት አይጠየቁ። በዚህ ሳምንት ለማን እንደተናገሩ፣ ሰውየው ምን እንደጠየቃቸውና ምን ብለው እንደመለሱ ይንገሩን፤ መልስ ያጡለትም ጥያቄ ካለ ጉባኤው አብሯቸው ያስብበት።