እንዴት ይሠራል? ቆርኪ፣ ባለ 21 ጥርሱ ወታደር

ዛሬ ማታ ቢራ ወይም ለስላሳ ስትከፍቱ ቆርኪውን አትጣሉት፤ እጃችሁ ላይ አገላብጡት። ሰበታ ከሱቅ በረንዳ ላይ፣ ቡራዩ ከታክሲ ተራው አጠገብ፣ ሱሉልታ ከጋራዥ ደጃፍ፣ በእስክሪብቶ የተሰመረ ካርቶን ከበው ዳማ የሚጫወቱ ሰዎችን ሳታዩ አታልፉም። እዚያ ካርቶን ላይ የሚዋጋው ወታደር ይኸው እጃችሁ ላይ ያለው ነው።

የጦር ጨዋታ ሁሉ የመጀመሪያ ጥያቄ አንድ ነው፤ የኔ የቱ፣ ያንተ የቱ? ሌላው ዓለም ለዚህ ጥቁርና ነጭ ጠጠር ይገዛል። የቆርኪ መልስ አሠራሩ ውስጥ ነው። የአንዱ ጦር ይደፋል፣ የሌላው ይንጋለላል። ቀለም የለ፣ ወጪ የለ፣ ከማዶ የቆመ ተመልካች እንኳ ማን ከማን ወገን እንደሆነ በአንድ እይታ ይለያል።

እስቲ አሁን ጥርሶቹን ቁጠሩ። መነሻችሁን በእስክሪብቶ ምልክት አድርጉበት፣ አለዚያ ዞራችሁ ትደግሙታላችሁ። 21 ይመጣል። እዚያው ሰበታ የሚጠመቀው የሜታ ይሁን፣ በቡራዩ መንገድ አልፎ የሚገባው የአምቦ ውሃ፣ ቁጥሩ ያው 21 ነው።

ጥርስ ለምን አስፈለገው? ቆርኪ ሲጀመር ጠፍጣፋ ክብ ቆርቆሮ ነው፤ ከጠርሙሱ አፍም ይሰፋል። ጠርዙ ወደ ታች ሲታጠፍ ክቡ ይጠብና ብረቱ ይተርፋል። ያ ትርፍ መሄጃ ሲያጣ እንደ ቀሚስ ሽንሽን ይታጠፋል። ወረቀት ክብ አድርጋችሁ ቁረጡና በሲኒ አፍ ላይ አስቀምጡ፤ ጠርዙን ዙሪያውን በመዳፋችሁ ወደ ታች ጫኑት። ሽንሽኑ ሳትጠሩት ይመጣል። የእናንተ ወረቀት እንዳሻው ይሸበሸባል፣ ፋብሪካው ግን ትርፉን 21 ቦታ እኩል አካፍሎ ጠርሙሱን በጥርሶቹ ያስነክሰዋል። አሜሪካዊው ዊሊያም ፔይንተር በ1892 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት ሲያወጣለት ጥርሱ 24 ነበር፤ ኋላ ላይ ወደ 21 ወረደ።

እኔን የሚገርመኝ ይህ ቁጥር ለጦር ጨዋታ እንዴት እንደሚመች ነው። ወታደር ፊትና ጎን አለው፤ ከፊት የመጣበትን ይመክታል፣ ከጎን የመጣበት ግን ይጎዳዋል። በዳማ ይህ የለም። ቆርኪያችሁ ላይ አንዱን ጥርስ በጥፍር ቀለም ቀቡትና አፍንጫው ይሁን። እሱን ጨምራችሁ በግራ ሦስት በቀኝ ሦስት ጥርስ ቁጠሩ፦ ሰባት። ፊቱ ይህ ነው። የቀሩት 14 ጥርሶች ሰባቱ የቀኝ፣ ሰባቱ የግራ ጎኑ ናቸው። ክቡ ያለ ትርፍ ለሦስት ተከፈለ። ጠላት በየትኛው ጥርስ በኩል እንደመጣ ማየት ብቻ ነው፣ ክርክር የለም።

በውጭ አገር ወታደሩ ፊትና ጎን ያለው ይህ ዓይነቱ የጦር ጨዋታ ትልቅ የትርፍ ጊዜ ሥራ ነው። ሥሩ ወታደር ቤት ነው። በ1824 እ.ኤ.አ. ፎን ራይስቪትስ የተባለ የፕሩሲያ መኮንን በካርታ ላይ በትናንሽ ቁራጮችና በዳይስ የሚካሄድ የጦር ልምምድ አዘጋጀ፤ የፕሩሲያ ጦርም መኮንኖቹን አሠለጠነበት። በ1913 እ.ኤ.አ. ደግሞ እንግሊዛዊው ደራሲ ኤች. ጂ. ዌልስ ለአሻንጉሊት ወታደሮች የጨዋታ ሕግ አውጥቶ በመጽሐፍ አሳተመ፤ የእሱ መድፍ የእንጨት ጥይት እየተፋ የቆርቆሮና የእርሳስ ወታደር ይጥል ነበር። ዛሬ ተጫዋቾቹ የአውራ ጣት ቁመት የማይሞሉ ወታደሮችን በቀጭን ብሩሽ ሌሊቱን ሲቀቡ ያድራሉ። አብዛኛውን ጊዜ ገበታው ላይ ቤት አይሰመርም፤ ርቀት የሚለካው በመለኪያ ሜትር ነው።

እነዚያ ወታደሮች እንዳይወድቁ ከእግራቸው ሥር ክብ መቆሚያ አላቸው። የመቆሚያው ስፋት አብዛኛውን ጊዜ ከ25 እስከ 32 ሚሊ ሜትር ነው። አሁን ማስመሪያ አምጡና ቆርኪያችሁን ለኩ። ሦስት ሴንቲ ሜትር ገደማ! እነሱ በገንዘብ የሚገዙት መቆሚያ እናንተ ቤት በየቀኑ ይጣላል።

ልጆች ካሏችሁ ይህን ከእነሱ ጋር ሥሩት። ቆርኪውን አንጋሉትና የሸክላ ጭቃ ሙሉበት፤ ከጭቃው ላይ ጦር የያዘ፣ ጋሻ ያነገበ፣ ፈረስ የተቀመጠ አውጡ።  ክብደቱ ታች ስለሆነ ሲገፉት ቶሎ አይገለበጥም። ከእንጦጦ ጀርባ ባለው በሱሉልታ ሜዳ ንፋስ ባዶ ቆርኪ ይዞ ሲሄድ ላየ ሰው፣ ጭቃ የሞላውን ጦር ደጅ አውጥቶ ማሰለፍ ደስ ይላል። (መክፈቻው አጉብጦ የተወውን አትጠቀሙ፣ ይወዛወዛል። ጉብጠቱን ግን ልብ ብላችሁ እዩት፤ የመክፈቻው አፍንጫ ተደግፎ ብረቱን ያነሳው እዚያ ላይ ነው።)

ቀጥሎ ዕድል ነው። ውጊያ ሁልጊዜ ብርቱው የሚያሸንፍበት አይደለም፣ ራይስቪትስም ዳይስ ያስገባው ለዚህ ነው። ዳይስ ከሌላችሁ ቆርኪ ወርውሩ። ሳንቲም ግማሽ በግማሽ ይወድቃል ተብሎ የሚታመነው ሁለቱ ፊቱ ስለሚመሳሰል ነው። የቆርኪ አንዱ ወገን ዝግ፣ ሌላው ክፍት ስለሆነ እኩል የመሆን ግዴታ የለበትም። ያልጎበጡ አሥር ቆርኪዎች በሳፋ አናውጣችሁ ወለል ላይ በትኑ፤ ስንቱ ተደፋ፣ ስንቱ ተንጋለለ ብላችሁ ጻፉ። አሥር ጊዜ ድገሙት። መቶ ውጤት ስትደምሩ የትኛው እንደሚበዛ ትደርሱበታላችሁ፤ ብዙ ጊዜ የሚወጣውን ለእግረኛ ምት፣ ጥቂት ጊዜ የሚወጣውን ለመድፍ ስጡ። ከጎን የመጣ አጥቂ ሁለት ጊዜ ይወርውር። እርምጃ በክብሪት እንጨት ይለካ፤ ስንዝርማ ከሰው ሰው ስለሚለያይ ያጣላል።

ተራ ጠብቆ መጫወት ግን ግዴታ እንዳይመስላችሁ። የእኛው ሰንጠረዥ ከዚህ የደፈረ ሕግ ነበረው። ሰንጠረዥ ቀይ ጨርቅ ላይ ጥቁር ወይም ሰማያዊ ጥብጣብ ተሰፍቶ ይዘጋጅ የነበረ፣ መደቅ የሚባሉ እግረኞች፣ ፈረስ፣ ንጉሥና ፈርዝ ይሰለፉበት የነበረ የአገራችን ቼዝ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የትግራዩ ራስ ወልደ ሥላሴ ይወዱት ነበር፤ የታሪክ ተመራማሪው ሪቻርድ ፓንክረስትም በ1971 እ.ኤ.አ. ታሪኩንና ሕጉን ጽፎለታል። ጨዋታው ይከፈት የነበረው በወረራ ነው። ተራ አልነበረም፤ ሁለቱም ተጫዋቾች ባሰኛቸው ፍጥነት ጦራቸውን ያንቀሳቅሱ ነበር፣ አንዱ የሌላውን እስኪበላ ድረስ። ተራ ይመጣ የነበረው ከዚያ በኋላ ነው። ለእውነተኛ ጦር ሜዳ የሚቀርበው ይህኛው ይመስለኛል፤ እናንተ እስክታስቡ ቆሞ የሚጠብቅ ጠላት የትም የለም።

ስለዚህ ነገ ዳማችሁን በወረራ ጀምሩት። 12 በ12 ደርድሩ፤ ሦስተኛ ሰው ‹‹ወረራ!›› ይበል። እያንዳንዱ ተጫዋች በአንድ እጅ ብቻ፣ አንድ ቆርኪ በአንድ ጊዜ፣ በዳማው ሕግ ወደፊት ይግፋ። በመጀመሪያ የምታዩት እጃችሁን ነው፤ ትንሽ ቆይታችሁ ዓይናችሁ ወደ ባላጋራችሁ እጅ ይሄዳል፣ ወዴት ሊገፋ እንደሆነ ለመቅደም። አንድ ቆርኪ ሲበላ ሁለታችሁም እጃችሁን አንሡ። ከዚያ የተበላበት ተራውን ይጀምራል።