ፊትን ስለ ማሳረፍ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ደሴ የሚዘልቀው ጎዳና ሰንበቴንና ካራቆሬን ካለፈ በኋላ፥ ሐርቡና ኮምቦልቻ ከመድረሱም በፊት፥ በጨፋ ሜዳና በቦርከና ወንዝ አጠገብ የሚያገኛት ከተማ ከሚሴ ናት፤ እኔም በዚህችው ከተማ በአስፋልቱ ዳር በሚገኝ መድኃኒት ቤት ቆሜ የምውል ፋርማሲስት ስለ ሆንሁ፥ የሰው ልጅ ስለ ሆዱና ስለ ወገቡ ሕማም በግልጥ ሲናገር፥ ስለ ፊቱ ግን፥ ይልቁንም ወንድ የሆነ እንደ ሆነ፥ እንዴት ያለ ኀፍረት እንደሚይዘው ለማየት በቅቻለሁ። የሳል ሽሮፕ የሚፈልግ ሰው ገና በሩ ላይ ሳለ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይጠይቃል፤ የብጉር ቅባት የሚፈልገው የባጃጅ ሾፌር፥ የጭነት መኪና ረዳት ወይም መምህር ግን ሴቶቹ ደንበኞች እስኪወጡ ድረስ በመደርደሪያው ላይ ያለውን የጥርስ ሳሙና ሲመረምር ይቆይና፥ ከዚያ ወደ ባንኮኒው ጠጋ ብሎ «ዶክተር፥ ለታናሽ ወንድሜ ነበር» ይላል፤ ወንድም የተባለው እርሱ ራሱ መሆኑን ግን ግንባሩና ጉንጩ ይመሰክሩበታል። (በአገራችን ነጭ ጋውን የለበሰ ሁሉ ዶክተር ስለ ሆነ፥ ማዕርጉን አልቀበልም ብዬ መከራከሩን ከተውሁት ቆይቻለሁ።)

ብጉር የጉርምስና ዕዳ ነው፥ ሲያገቡ ይጠፋል የሚለው አሳብ በሕዝባችን ዘንድ ሥር የሰደደ በመሆኑ፥ ሠላሳ ዓመት ሞልቶት ልጆችም ወልዶ ሳለ ፊቱ የሚያብጥበትና መግል የሚቋጥርበት ሰው ለብቻው የተመረጠ ቅጣት የደረሰበት ይመስለዋል። ነገሩ ግን ከሥነ ፍጥረት ሥርዐት የወጣ አይደለም። በቆዳችን ውስጥ ከጠጉር ሥር ጋር ተያይዞ የሚኖር፥ ወዝ የሚያመነጭ ዕጢ አለ፤ ይህንንም ዕጢ የሚቀሰቅሰው በወንድ ባሕርይ ውስጥ በብዛት የሚገኘው አንድሮጅን የተባለው ሆርሞን ነው፤ ወዙ ሲበዛ፥ የሞተውም የቆዳ ቅርፊት በጊዜው ረግፎ መውጣት ሲሳነው፥ ጠባቡ መውጫ ይደፈናል፤ በተደፈነውም ስፍራ ኩቲባክቴሪየም አክኔስ የተባለ፥ በጤነኛ ቆዳ ላይ ሳይቀር የሚኖር ረቂቅ ተሕዋሲ ይራባል፤ ሰውነትም ሊከላከል ሲነሣ እብጠትና መግል ይከተላሉ። እንግዲህ ባለ ብጉሩን ሰው ፊቱን የማይታጠብ ነው ብሎ መክሰስ ሐሰት ነው፤ በአፍንጫ ላይ የሚታየው ጥቁር ነጥብ እንኳ አየር ሲያገኘው የጠቆረ ወዝና ቅርፊት እንጂ እድፍ አይደለም። ሙቀትና ላብ ግን ያብሱታል፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በሩቅ ምሥራቅ ቆላ የዘመቱ ወታደሮች ጀርባቸውና ደረታቸው በብርቱ ብጉር ስለ ተመታ፥ ሐኪሞቻቸው ለሕማሙ የቆላ ብጉር የሚል የራሱ ስም እስከ ማውጣት ደርሰዋል። በግንቦትና በሰኔ ሐሩር ጀርባውን ከላስቲክ መቀመጫ ጋር አጣብቆ ለሚውል ሾፌር ይህ የሩቅ አገር ታሪክ አይደለም።

ይህን ካልሁ በኋላ ግን አንድ ነገር መጨመር ይገባኛል፤ ወንዶች ብጉር ነው ብለው ከሚያሳዩኝ ውስጥ ብዙው ብጉር አይደለም። ጉንጭና ግንባር ንጹሕ ሆኖ አገጭና ጉሮሮ ብቻ ሲያብጥ፥ መጠየቅ የሚገባኝ ስለ ምላጩ ነው። ጠጉራችን በባሕርዩ ጥቅልል ስለ ሆነ፥ ምላጭ ከቆዳ ጋር አስተካክሎ ሲቆርጠው ጫፉ ይሾልና፥ ሲያድግ ወደ ውጭ በመውጣት ፈንታ ተመልሶ የገዛ ባለቤቱን ቆዳ ይወጋዋል፤ ሰውነትም የራሱን ጠጉር እንደ ባዕድ እሾህ ቆጥሮ ይዋጋዋል። ሰውየው እብጠቱን ሲያይ ምላጩ በሚገባ ያልላጨው ይመስለውና በማግስቱ አጥብቆ ይላጫል፤ አጥብቆ በላጨ ቁጥርም ሕማሙ ይጸናበታል። በአሜሪካ ጦር ውስጥ ጥቁር ወታደሮች በዚህ ምክንያት በሐኪም ማስረጃ ከመላጨት ነጻ እንዲሆኑ ሲከራከሩ መኖራቸውን ማስታወስ፥ ነገሩ የግል ድካም ሳይሆን የጠጉር ባሕርይ መሆኑን ለመረዳት ይጠቅማል። በእኛም ከተማ ምስክር አለ፤ ጢማቸውን እንደ ሱናው ያሳደጉ ሼኾችና ደረሶች በዚህ ሕማም ምክንያት ወደ እኔ ሲመጡ አላየሁም፤ የሚመጡት ለሥራ ሲሉ ማልደው የሚላጩት የመሥሪያ ቤት ሰዎች ናቸው። ለእነዚህ የምሰጠው የመጀመሪያው መድኃኒት ገንዘብ አያስወጣም፤ ለአራት ሳምንት ያህል ምላጭን መተው፥ ከዚያም በኋላ ቢሆን በቶንዶስ ጥቂት ጠጉር አስቀርቶ ማሳጠር ነው። ምላጭ ግድ የሆነበት ሰው በሞቀ ውኃ ጠጉሩን አለስልሶ፥ ባለ አንድ ስለቱን ይዞ፥ ቆዳውን ሳይወጥር ጠጉሩ ወደሚተኛበት አቅጣጫ ይላጭ። ማጅራታቸውን «በዜሮ» የሚያስነሡ ወጣቶችም ልብ ሊሉት የሚገባ ነገር አለ፤ በዚያ ስፍራ የሚወጣው ጥቃቅን እብጠት እየቆየ ሊጠጥርና ወደማይጠፋ ጠባሳ ሊለወጥ ይችላል፤ ጠጉር አስተካካዩ አልኮል አርከፍክፎ በእሳት የሚለኩሰው ቶንዶስ ተሕዋሲን ቢገድል እንኳ፥ ከቆዳ ጋር አጣብቆ መቁረጥ የሚያመጣውን ጣጣ አያስቀርም።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እመጣለሁ። ብጉር በጥቁርና በጠይም ቆዳ ላይ ሲድን ለወራት የሚቆይ ጥቁር ምልክት ትቶ ያልፋል፤ ምልክቱ ቀስ በቀስ የሚለቅ ቢሆንም፥ ባለቤቱን ከብጉሩ ይልቅ የሚያስጨንቀው ይኸው ምልክት ነውና፥ ትዕግሥት ያጣው ሰው «ፊት የሚያጠራ» የተባለውን ቅባት ፍለጋ ይወጣል። ቅባቱ ከዐረብ አገር በተመለሰ ዘመድ ሻንጣ ይመጣል፤ በሰንበቴ የእሑድ ገበያና በባቲ የሰኞ ገበያ በመሬት ላይ ተነጥፎ ይሸጣል፤ ይህን መሸሸግ ነውር ነውና፥ ከእኛ ከመድኃኒት ቤቶች መደርደሪያም ያለ ሐኪም ትእዛዝ ይወጣል። በብዙው ውስጥ ያለው ክሎቤታሶል ወይም ቤታሜታዞን የተባለ ስቴሮይድ ነው። የእነዚህ መድኃኒቶች ወገን መጀመሪያ ለቆዳ ሕክምና መዋሉ ትልቅ የምሥራች ነበረ፤ እ.ኤ.አ. በ1952 ሱልዝበርገርና ዊተን የተባሉ የአሜሪካ ሐኪሞች ሃይድሮኮርቲዞን በቆዳ ላይ ተቀብቶ ችፌን እንደሚያስታግሥ ባስታወቁ ጊዜ፥ ሲያክኩ ላደሩ ሕሙማን ሁሉ ዕረፍት መጣ። ክሎቤታሶል ግን ከዚያ መድኃኒት በብዙ መቶ እጥፍ የሚበረታ ሲሆን፥ ለጸና የቆዳ ሕማም ለጥቂት ቀናት፥ በሐኪም ዐይን ሥር እንጂ፥ ለፊት ውበት የተሠራ አይደለም።

የዚህ ቅባት ክፋቱ በመጀመሪያ ደግ መስሎ መገኘቱ ነው። እብጠቱን በቀናት ውስጥ ያበርዳል፥ ፊቱንም ያፈካል፤ ተጠቃሚውም ለጓደኞቹ ሁሉ ሐዋርያ ይሆንለታል። ጥቂት ሳምንታት ወይም ወራት ሲያልፉ ግን ቆዳው ይሳሳል፥ ቀያይ የደም ሥሮች በጉንጩ ላይ ይታያሉ፥ አዲስና አንድ ዐይነት መልክ ያለው ብጉርም ይፈላል፤ ይህን ሊያመልጥ ቅባቱን በድንገት ሲያቆም ፊቱ ይቃጠልና ይቀላል፥ ያን ጊዜም «ሳልቀባ የታመምሁ፥ ስቀባ የዳንሁ» ብሎ ይደመድምና ወደ ቱቦው ይመለሳል። እኔ በዚህ ጉዳይ ከደንበኞች ጋር ጠብ እስከ መድረስ ደርሻለሁ፤ የከለከልሁት ሰው መንገዱን ተሻግሮ እንደሚያገኘው ዐውቃለሁ፥ ነገር ግን ሌላው ይሸጠዋልና እኔም ልሽጠው የሚለው ክርክር በመድኃኒት ቤት ስፍራ የለውም። ለወራት ሲቀባ የኖረውን ሰውም በአንድ ቀን ጣለው አልለውም፤ ወደ ሐኪም እልከዋለሁ፥ ማስጣሉ ራሱ ሕክምና ነውና። ለመወፈር ብለው የዚሁ ወገን የሆነውን ዴክሳሜታዞን የሚውጡ ወንዶችም በደረታቸውና በትከሻቸው ላይ ይህንኑ ዕዳ ይከፍላሉ። የሳንባ ነቀርሳው መድኃኒት አይሶናያዚድም እንዲሁ ብጉር ሊያወጣ ይችላል፤ እርሱን ግን ስለ ፊቱ ብሎ በገዛ እጁ የሚያቋርጥ ሰው ነፍሱን ለመልኩ መለወጡ ነው።

ስለ መታጠብ ብዙ ማለት አያሻም። በቀን አምስት ጊዜ ለሶላት ውዱእ የሚያደርግ ሰው ፊቱ ከውኃ አይርቅም፥ ንጹሕ ውኃም አይጎዳውም፤ የሚጎዳው በየጊዜው ሳሙና፥ ያውም የልብስ ሳሙና፥ የጨመረበት እንደ ሆነ ነው፤ የቆዳ ገጽ በባሕርዩ ጥቂት ኮምጣጣ ሲሆን ሳሙና ደግሞ ተቃራኒው ነውና፥ መከላከያውን ገፎ ያደርቀዋል። ጧትና ማታ ለስላሳ ሳሙና ይበቃል። ሎሚ ቀብቶ ፀሐይ ላይ መውጣት ቆዳን ያቃጥላል፥ ያጠቁራልም፤ ነጭ ሽንኩርት ፈጭቶ መለጠፍም ያቆስላል፤ እነዚህን ያዘዙ አዛውንቶች በሌላ ነገር ሁሉ ይከበሩልኝ። ቅቤና የጠጉር ቅባት ግን የተለየ ነገር አላቸው። እ.ኤ.አ. በ1970 ፕሌዊግ፥ ፉልተንና ክሊግማን የተባሉ የቆዳ ሊቃውንት በአሜሪካ ጠጉራቸውን ፖማድ የሚቀቡ ጥቁር ወንዶችን መርምረው፥ ቅባቱ በሚደርስበት በግንባርና በጆሮ ግንድ አካባቢ ድፍን ያሉ ጥቃቅን ብጉሮች እንደሚበዙ ጽፈዋል፤ በባቲ ገበያ ጠጉሩን በቅቤ አርሶ የሚዘዋወረውን ጎረምሳ ስለ ወጉ አልነቅፈውም፥ ግንባሩ ላይ የሚወርደውን እንዲጠርግ ግን እመክረዋለሁ።

ከምግብ ጋር ያለው ጉዳይ በከፊል እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ የአውስትራሊያ ጥናት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 25 የሆኑ 43 ባለ ብጉር ወንዶችን ለ12 ሳምንታት ተከታትሎ፥ የደምን ስኳር በፍጥነት የማያንረውን ምግብ የተመገቡት ከሌሎቹ ይልቅ መሻላቸውን አሳይቷል። እንግዲህ ጫት ይዘው ሲቀመጡ ለስላሳ መጠጥና ስኳር የበዛበት ሻይ ለሚደጋግሙ ሰዎች፥ ከቅጠሉ ይልቅ ስኳሩን ብጠረጥር ያስኬደኛል፤ በማሽላ እንጀራ ላይ ግን ክስ የለኝም።

ብጉሩ በእውነት ብጉር የሆነ እንደ ሆነስ? ያን ጊዜ ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ እሰጣለሁ፤ 2.5 በመቶው ከ10 በመቶው ጋር የሚተካከል ሥራ ሲሠራ የሚያቃጥለው ግን ያነሰ ነውና፥ «ጠንካራውን ስጠኝ» የሚለውን ደንበኛ እምቢ እላለሁ፤ ባለ ቀለም ሽርጥና የትራስ ልብስ እንደሚያነጣም አስቀድሜ እነግረዋለሁ፥ አለዚያ ከቤቱ ወቀሳ ይመጣብኛል። ሐኪም ትሬቲኖይን ወይም አዳፓሊን ያዘዘለት ሰው፥ ለመላው ፊት የሽምብራ ፍሬ የምታህል ብቻ፥ ማታ፥ ፊቱ ከደረቀ በኋላ ይቀባ፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መላጡና ማሳከኩ የሚጠበቅ ነው። ዶክሲሳይክሊን የታዘዘለትም ከወተት ጋር አይውሰደው፥ በብዙ ውኃም ይዋጠው፥ ቆዳን በፀሐይ ቶሎ የሚያስቃጥል መሆኑንም ይወቅ፤ ከተወሰኑ ወራትም አያሳልፈው። ሁሉም ቢሆን ፍሬው ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ አይታይም፤ ስለዚህ ዐረፋ ሲደርስ፥ ሠርጉ ሦስት ቀን ሲቀረው የሚመጣው ሙሽራ ከእኔ የሚያገኘው አንዳች የለም፤ ብጉሩን እንዳያፈርጠው፥ አዲስ ነገርም እንዳይቀባ ብቻ እለምነዋለሁ።

ጠጣርና ጥልቅ ሆኖ የሚያም፥ ጠባሳም የሚተው ብጉር ግን የባንኮኒ ጉዳይ አይደለም፤ እንደዚህ ያለውን ሰው ከደሴ ባሻገር ወደሚገኘው የቦሩ ሜዳ ሆስፒታል እንዲሄድ እመክረዋለሁ። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1870 ዓ.ም. የሃይማኖት ጉባኤ ያስቀመጡበት ይህ ስፍራ፥ በእኛ ዘመን ስሙ የሚነሣው በሥጋ ደዌ ሕክምና ነው፤ ምክሬም የሚሰናከለው በዚህ ነው። በአገራችን የቆዳ ሕክምና ከሥጋ ደዌ ሕክምና ጋር አብሮ ያደገ ነው፤ በ1958 ዓ.ም. የተመሠረተው የአዲስ አበባው አለርት ሆስፒታልም ታሪኩ ይኸው ሲሆን፥ የቆዳን ነገር ጠንቅቀው ያወቁት ሐኪሞች በዚያ መገኘታቸው ለሕመምተኛው ዕድል እንጂ ነውር አይደለም። በቅርቡ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር «ዶክተር፥ እኔን ከቁምጥና ጋር ልታሰልፈኝ ነው እንዴ?» ብሎ ተቆጣኝ፤ በዚያ በር የሚገባው ሁሉ በየራሱ ሕማም እንደሚገባ፥ ሥጋ ደዌም ቢሆን ዛሬ በመድኃኒት የሚድን መሆኑን እያስረዳሁ ከተከራከርን በኋላ ለመሄድ ተስማማ። ሊወጣ ሲል ግን ከበሩ ተመልሶ፥ በሐኪሞቹ ፊት እንዲህ ተጎሳቁሎ መቅረብ ስለሚያሳፍረው፥ ከመሄዱ በፊት ጥሩ አድርጎ ሊላጭ ይገባው እንደ ሆነ ጠየቀኝ፤ እንዳለ እንዲሄድ ነገርሁት።