የእንጨት በር ለምን ክፍተት ይፈልጋል?

አክሱም ላይ ያሉት ትልልቅ ሐውልቶች ግርጌያቸው ላይ በር አላቸው። በሩ አይከፈትም፤ ከዚያው ከአንድ ወጥ ድንጋይ የተቀረጸ ነው። በ4ኛው መቶ ዘመን ገደማ የነበሩት ጠራቢዎች መቃኑን፣ ጉበኑንና መቆለፊያውን ሳይቀር በድንጋይ አስመስለው ሠርተውታል። በሐውልቱ «ፎቆች» መካከል የተደረደሩትና «የዝንጀሮ ራስ» የሚባሉት ክብ ቅርጾችም የአግዳሚ እንጨት ጫፍ ምሳሌ ናቸው። በእውነተኛው ሕንፃ እነዚህ እንጨቶች ግድግዳውን አቋርጠው እያለፉ ያያይዙታል። እንጨትና ድንጋይ እያፈራረቁ የመገንባቱ ጥበብ ዛሬም በደብረ ዳሞና በይምርሐነ ክርስቶስ ይታያል።

ጠራቢው መቅዳት ያላስፈለገው አንድ ነገር ግን አለ፤ ክፍተት። ድንጋይ ክረምት ከበጋ መጠኑ ያው ነው ማለት ይቻላል። እንጨት ግን ተቆርጦ፣ ተልጎና በር ሆኖም ማበጡንና መኮማተሩን አይተውም። በእጅ መሣሪያ በር የሚሠራ አናጢ ሙያው የሚታወቀው በሚያጋጥመው ብቻ ሳይሆን ሳይነካ በሚተወው ቦታም ነው።

እንጨት በግንዱ ቁመት የተደረደሩ ረጃጅም፣ ውስጣቸው ክፍት የሆኑ ሕዋሶች ስብስብ ነው፤ ጠብቆ የታሰረ የመቃ እስር ማለት ነው። የሕዋሶቹ ግድግዳ በአብዛኛው ሴሉሎስ ከሚባል ንጥረ ነገር የተሠሩ ቀጫጭን ክሮች ሲሆን፣ ክሮቹም በግንዱ ቁመት ልክ ይሄዳሉ። አየሩ ሲረጥብ ውሃው በክሮቹ መካከል እየገባ ወደ ጎን ይገፋቸዋል፤ ርዝመታቸውን ግን እምብዛም አይለውጠውም። ሳንቃ በወርዱ የሚያብጠው፣ በቁመቱ ግን ባለበት የሚቆየው ለዚህ ነው። በወርዱም ቢሆን እብጠቱ እኩል አይደለም። የዕድገት ቀለበቶቹን ተከትሎ የሚመጣው ከግንዱ ልብ ወደ ቅርፊቱ ከሚመጣው እጥፍ ያህል ይሆናል። ሳንቃ የሚቆለመመውም በዚህ ልዩነት ሳቢያ ነው።

ነገሩን በቁጥር እንየው። ሳንቃ ከሳንቃ በሙጫ ተያይዞ አንድ ወጥ የሆነ፣ ወርዱ 80 ሳንቲ ሜትር የሚደርስ መዝጊያ አለ እንበል። ከበጋ ወደ ክረምት የእንጨቱ እርጥበት በ4 በመቶ ቢጨምር፣ ብዙው የእንጨት ዓይነት በወርዱ 1 በመቶ ገደማ ያብጣል። ይህም 8 ሚሊ ሜትር ነው፤ መዝጊያውን ከመቃኑ ጋር አጣብቆ ለማስቀረት ከበቂ በላይ ነው። 2 ሜትር የሆነው ቁመቱ ግን 1 ሚሊ ሜትር እንኳ አይጨምርም።

አናጢዎች ለዚህ ያገኙት ዘዴ ማዕቀፍ ነው። በግራና በቀኝ ሁለት ቋሚዎች ይቆማሉ፤ አግዳሚዎች ያገናኟቸዋል። አግዳሚዎቹ ክራቸው በበሩ ወርድ ስለሚጋደም አይረዝሙም፤ ወደ ጎን የሚያብጡት ቋሚዎቹ ብቻ ናቸው። እያንዳንዱ ቋሚ 10 ሳንቲ ሜትር ቢሰፋ የበሩ ጠቅላላ እብጠት ከ8 ወደ 2 ሚሊ ሜትር ይወርዳል። መሃሉን የሚሞሉት ስስ ሳንቃዎች በማዕቀፉ ውስጠኛ ጠርዝ በተቦረቦረ ቦይ ውስጥ ይገባሉ። ምስማር አይመታባቸውም፤ ሙጫም አይነካቸውም። በሳንቃው ጠርዝና በቦዩ መጨረሻ መካከል ጥቂት ሚሊ ሜትር ይተዋል፤ ሳንቃው እዚያ ውስጥ ማንም ሳያየው ያብጣል፣ ይኮማተራል። ሥራው አምሮ እንዲታይ ብሎ ሳንቃውን በምስማር የቸነከረ ሰው፣ በጋ ሲገባ መሃል ለመሃል ተሰንጥቆ ያገኘዋል።

የማዕቀፉ መገጣጠሚያ ግን ምንም መላወስ የለበትም። አናጢው የአግዳሚውን ጫፍ ግራና ቀኝ ቀንሶ ምላስ ያወጣለታል፤ የምላሱ ውፍረት የእንጨቱ ሲሶ ያህል ይሆናል። ቋሚው ላይ ደግሞ በመሮ ልኩን ይፈለፍላል። መሮውን መጀመሪያ የሚያሳርፈው ክሩን በሚያቋርጥ አቅጣጫ ነው፤ ክሩን ተከትሎ ቢመታው ቋሚው ይሰነጠቃል። ቀጥሎ ቋሚውን ከፊቱ ወደ ጀርባው ይበሳዋል። የምላሱን ቀዳዳ ግን ከዚያ ጋር ልክ ለልክ አያደርገውም፤ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ወደ አግዳሚው አስጠግቶ ይበሳዋል። ደርቆ የጠነከረ የእንጨት ችካል ሲመታበት፣ ችካሉ በሁለቱ ቀዳዳዎች መዛነፍ የተነሳ ጎበጥ እያለ ያልፍና ምላሱን ወደ ውስጥ ስቦ ያጠብቀዋል። መገጣጠሚያው ያለ ሙጫና ያለ ብረት ለብዙ ዘመን ይጸናል።

ከአንድ ግንድ ተፈልጦ የሚጠረበው ጥንታዊ መዝጊያም የራሱ መላ አለው። ብረት ማጠፊያ አያውቅም። ከላይና ከታች ከራሱ ላይ የወጡለት ሁለት ጉጦች በጉበኑና በደፉ ጉድጓድ ውስጥ ይሽከረከራሉ። ጉድጓዱ ከጉጡ ሰፋ ስለሚል መዝጊያው ቢያብጥም መዞሩን አይተውም። ዋንዛን የመሰለ፣ ለመጥረብ የሚመችና ብዙ የማይቆለመም እንጨት ለዚህ ሥራ ተወዳጅ የሆነውም ያለ ምክንያት አይደለም።

ይህን ያወቀ ሰው ነሐሴ ላይ በሩ አልዘጋ ቢለው መላጊያ ለማንሳት አይቸኩልም። በክረምት የተላገ በር ጥር ላይ ብርድ የሚያስገባ ክፍተት ይኖረዋል። ይልቁንም እንጨቱ በበጋ ሲደርቅ የመዝጊያውን የላይና የታች ጫፍ ዘይት ወይም ቀለም ያጠጣው። ውሃ በተቆረጠ የክር ጫፍ በኩል ከሳንቃው ፊት ይልቅ እጅግ ፈጥኖ ይገባል፤ ቀለም ቀቢዎች ብዙ ጊዜ የሚዘሉትም እነዚህኑ ሁለት ጫፎች ነው።