ፊፋ ወይስ ፔስ? ልጆቻችን የሚከራከሩበትን ጨዋታ እኛም እንወቀው

በሆሳዕና አመሻሽ ላይ በእግርዎ ወደ ቤት ሲያዘግሙ፣ በሩ ላይ መጋረጃ ከተንጠለጠለበት ጠባብ ክፍል ውስጥ ድንገት «ጎል!» የሚል ጩኸት ሰምተው ያውቃሉ? በአቢዮ ኤርሳሞ ስታዲየም ጨዋታ የለም። በቴሌቪዥን የሚተላለፍ ግጥሚያም የለም። ውስጥ ያሉት ጆይስቲክ የጨበጡ ሁለት ልጆችና አግዳሚ ላይ ተደርድረው ተራቸውን የሚጠብቁ ጓደኞቻቸው ናቸው። ቦታው ሆሳዕና ባይሆን ዱራሜ፣ ሺንሺቾ፣ ሾኔ ወይም አዲስ አበባ ሊሆን ይችላል። ጩኸቱ ያው ነው።

ከእነዚያ ልጆች አንዱ የእርስዎ ልጅ ሊሆን ይችላል። የእኔ ነበር።

የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ሳለ አንድ ቀን ከማጠናከሪያ ትምህርት በሰዓቱ ሳይመለስ ቀረ። ከምሽቱ አንድ ሰዓት ሆነ፤ አልመጣም። ለጓደኞቹ እናቶች ደወልኩ፤ ማንም አላየውም። በመጨረሻ አንዲት ጎረቤቴ «ጌም ቤት አይተሻል?» አለችኝ። እውነትም እዚያ አገኘሁት። የሳምንቱን የምሳ ገንዘብ ጨርሶታል። ማጠናከሪያውንም ከቀረ ሁለት ሳምንት ሆኖታል። ክልላዊ ፈተናው ደግሞ ደርሷል።

አገባቤ ጆሮውን ይዤ ላወጣው ነበር። ግን በደረስኩበት ሰዓት ጨዋታው ቆሞ ልጆቹ ሲከራከሩ ነበር። አንዱ ልጅ ብድግ ብሎ «እትዬ፣ ይቀመጡ» ሲል አግዳሚውን ለቀቀልኝ። ተቀመጥኩ። ቤት ውስጥ «እሺ»፣ «አላውቅም» እና «መጣሁ» ከማለት በቀር ብዙ የማይናገረው ልጄ ቆሞ፣ ምክንያት እየደረደረ፣ የሌላውን ሐሳብ እየሰማና እየመለሰ ሲናገር አየሁት። ርዕሱ አንድ ነው፤ ፊፋ ይሻላል ወይስ ፔስ?

በዚያ ምሽት ልጄን መቆጣቴ አልቀረም። ነገር ግን ልጄ የሚወደውን ነገር ምንም እንደማላውቅ ያወቅሁት ያኔ ነው። እርስዎም ገና ካላወቁ፣ ከልጅዎ ጋር ከመጣላትዎ ወይም ለቤትዎ ኮምፒውተር ጨዋታ ከመግዛትዎ በፊት ይህን ያንብቡ።

ተጫዋቾቹ ምን ይላሉ?

ፊፋ የሚሉት የአሜሪካው ኤሌክትሮኒክ አርትስ እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ የሠራው ጨዋታ ነው። ፔስ የሚሉት ደግሞ «ፕሮ ኢቮሉሽን ሶከር» የሚለው ስም ምህጻረ ቃል ሲሆን፣ የሠራው የጃፓኑ ኮናሚ ነው። የሁለቱ ደጋፊዎች በዓለም ዙሪያ ለብዙ ዓመታት የተከራከሩበት ነገር እኛ ሰፈር ካለው ክርክር አይለይም።

የፊፋ ወገን የሚለው እንዲህ ነው። ስሙ እውነተኛ፣ ማሊያው እውነተኛ፣ ስታዲየሙ እውነተኛ ነው። ከሩቅ ያየው ሰው የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ የቀጥታ ስርጭት ይመስለዋል። በድሮዎቹ ፔስ ግን ኮናሚ የስም መጠቀሚያ ፈቃድ ስላልነበረው አርሰናል «ኖርዝ ለንደን»፣ ሊቨርፑል «መርሲሳይድ ሬድ» ተብለው ይጠሩ ነበር። አርሰናልን የሚደግፍ ልጅ ቡድኑን በማያውቀው ስም ሲያገኘው ምን እንደሚሰማው መገመት አያቅትም።

የፔስ ወገን መልስም አለው። ስሙ ምን ይሠራል፣ ኳሱን እየው ይላል። በፔስ ኳሷ እግር ላይ የተጣበቀች ሳትሆን የራሷ ክብደት ያላት ናት። ስታቀብል መጠኑን ካላወቅህ ታልፍሃለች። በፊፋ ግን ፈጣን አጥቂ ያለው ሰው ሮጦ ያገባል፤ ማሰብ አያስፈልግም ይላሉ። የፊፋዎቹ ምላሽ ደግሞ እውነተኛውም ኳስ ዛሬ ፍጥነት ሆኗል የሚል ነው።

ሁለቱም ወገኖች የሚስማሙበት አንድ ስሞታ አለ፤ «ኮምፒውተሩ ያደላል»። 2 ለ 0 እየመራ ያለ ልጅ በ80ኛው ደቂቃ ተከላካዮቹ ድንገት የደነዘዙ ይመስለዋል። ጨዋታው ሆን ብሎ ተሸናፊውን ይረዳል የሚለው ጥርጣሬ የእኛ ልጆች ብቻ አይደለም፤ በሌላው ዓለምም የቆየ ነው። ኤሌክትሮኒክ አርትስ በተደጋጋሚ አስተባብሏል። ልጅዎ ተሸንፎ ይህን ሲያነሳ ግን ክርክሩን ከመግባትዎ በፊት በእውነተኛው ሜዳ ዳኛውን የምንወቅሰውን ሁላችንን ያስቡ።

ክርክሩ የጀመረው በሌላ ኳስ ነው

ስፖርትን ወደ ኮምፒውተር ካስገቡት ቀዳሚ ጨዋታዎች አንዱ ቤዝቦል ነው። ከእኛ የገና ጨዋታ ጋር የሚያመሳስለው ኳሱ በዱላ መመታቱ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 ዶን ዳግሎው የተባለ የካሊፎርኒያ የኮሌጅ ተማሪ የቤዝቦል ጨዋታ በኮሌጁ ትልቅ ኮምፒውተር ላይ ጻፈ። በ1987 ይኸው ሰው ከባልደረባው ጋር ሆኖ ለቤት ኮምፒውተር የሚሆን ሌላ የቤዝቦል ጨዋታ ሠራ። ጨዋታውን ያሳተመው ያው ኤሌክትሮኒክ አርትስ ሲሆን፣ የተሰየመው በታዋቂው የባልቲሞር አሰልጣኝ በኧርል ዊቨር ነበር። ሠሪዎቹ አሰልጣኙን ቁጭ አድርገው «በዚህ ጊዜ ማንን ታስገባለህ? ለምን?» እያሉ ጠይቀው፣ መልሱን ለኮምፒውተሩ አስተማሩት።

ተጫዋቹ ያን ጊዜም የጠየቀው ልጆቻችን ዛሬ የሚጠይቁትን ነው። መልኩ ነው እውነተኛውን መምሰል ያለበት ወይስ አስተሳሰቡ? ልጅዎ ፊፋ ወይስ ፔስ ብሎ ሲከራከር፣ በቤዝቦል የተጀመረውን ጥያቄ እየቀጠለ ነው።

ለቤትዎ ኮምፒውተር የቱ ይሆናል?

በመጀመሪያ ስሞቹ መለወጣቸውን ይወቁ። ኤሌክትሮኒክ አርትስ ከዓለም አቀፉ የእግር ኳስ ፌዴሬሽን ጋር ተለያይቶ፣ «ፊፋ 23» በስሙ የመጨረሻው ሆነ። እ.ኤ.አ. ከ2023 ወዲህ የሚወጣው «ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ» ይባላል። ልጆቹ ግን አሁንም ፊፋ ነው የሚሉት። ፔስም በ2021 «ኢፉትቦል» ተብሎ በነጻ የሚወርድ ሆነ። ሲወጣ የተጫዋቾች ፊት ተበላሽቶ፣ ጨዋታው ተጎድቶ ስለነበር በመላው ዓለም መሳቂያ ሆነ፤ ኮናሚም በይፋ ይቅርታ ጠየቀ። ከዚያ በኋላ ቢሻሻልም፣ ብዙ የፔስ ወዳጆች ዛሬም ወደ ድሮዎቹ የሚመለሱት ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ የኮምፒውተርዎ አቅም ነው። አዲሶቹ የኤፍሲ ጨዋታዎች 100 ጊጋ ባይት ያህል ቦታ ይፈልጋሉ፤ ራሙም ቢያንስ 8 ጊጋ ባይት መሆን አለበት። ለቢሮ ሥራ የተገዛ ላፕቶፕ ላይ ቢጫንም ይንቀራፈፋል፤ ይግላል። እንደ ፔስ 2013 ያሉት የቆዩት ግን ከ10 ጊጋ ባይት በታች በሆነ ቦታ ተጭነው በአሮጌ ኮምፒውተርም ያለ ኢንተርኔት ይሠራሉ። ስለዚህ «አዲሱን ግዙልኝ» ሲባሉ መጀመሪያ ኮምፒውተሩን ይመልከቱ።

ሦስተኛ፣ በፍላሽ የሚጭን ሱቅ ሲሄዱ ይጠንቀቁ። ጨዋታውን በርካሽ ሲያገኙ ቫይረስም አብሮ ሊመጣ ይችላል። የቤተሰብዎ ፎቶና የሥራ ሰነድ ያለበት ኮምፒውተር ከሆነ፣ አስቀድመው በሌላ ሀርድ ዲስክ ቅጂ ይያዙ። መብራት ድንገት ሄዶ ሲመለስ ኮምፒውተሩን እንዳይጎዳው ስታቢላይዘር አይርሱ።

ገንዘቡ የሚወጣበት ቀዳዳ

ሁለቱም ጨዋታዎች ስድብም ደምም የለባቸውም። ፊፋ በአውሮፓው የዕድሜ ደረጃ ከ3 ዓመት በላይ ለሆነ ሁሉ የተፈቀደ ነው። ወላጅ ሊፈራው የሚገባው ሌላ ነገር ነው።

በፊፋ ውስጥ «አልቲሜት ቲም» የሚባል ክፍል አለ። ልጁ በውስጡ ማን እንዳለ የማያውቀውን የተጫዋቾች ጥቅል ይከፍታል፤ ዕድል ካለው ኮከብ ያገኛል፣ ከሌለው የማይረባ። ጥቅሉ በእውነተኛ ገንዘብም ይሸጣል። ቤልጂየም እ.ኤ.አ. በ2018 ይህን ዓይነቱን ሽያጭ ቁማር ነው ብላ ስለፈረጀችው ኩባንያው እዚያ ነጥብ መሸጡን አቁሟል። በእኛ ከተሞች የባንክ ካርድ በጨዋታ ውስጥ መጠቀም ብዙም ባይለመድም፣ ውጭ አገር ያሉ አጎትና አክስት ካርዳቸውን ለልጅ እንዳይሰጡ ንገሯቸው።

በጌም ቤት ያለው ቀዳዳ ደግሞ ሌላ ነው፤ «የተሸነፈ ይከፍላል»። ለጨዋታው የሚከፈለው ትንሽ ነው፤ የተሸነፈ ልጅ ግን ለመበቀል ሌላ ይጫወታል። የልጄ የምሳ ገንዘብ ያለቀው እንዲህ ነው። በላዩ ላይ ውርርድ ከተጨመረ ጉዳዩ ጨዋታ መሆኑ ቀርቷል።

የዓለም ጤና ድርጅት የጨዋታ ሱስን በበሽታዎች መዝገቡ ውስጥ አስገብቶታል። ምልክቶቹ ሦስት ናቸው፤ ልጁ ራሱን መግታት ሲያቅተው፣ ጨዋታው ከሌላው ሁሉ ሲቀድምበት፣ ጉዳቱን እያየም ሲቀጥል። ይህ አብዛኛውን ጊዜ ለ12 ወራት ያህል መታየት አለበት። አንድ ምሽት ያመሸ ልጅ ሱሰኛ አይደለም። ግን ምልክቶቹን እያዩ ዝም አይበሉ።

ሀዲያ ሆሳዕና የለም

እኛ ቤት የደረስንበት ስምምነት እንዲህ ነበር። ጌም ቤት መሄድ ይቀራል። ፔስ 2013 በአባቱ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ይጫናል። ጨዋታው ቅዳሜና እሑድ ብቻ፣ ሳሎን ውስጥ፣ በር ሳይዘጋ፣ በቀን ሁለት ሰዓት ነው። ማጠናከሪያ የቀረበት ሳምንት ጨዋታ የለም። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሰላማዊ አልነበሩም። ሁለት ጊዜ ላፕቶፑን ቆልፌበት፣ ሁለት ቀን አኩርፎኛል።

አንድ ቅዳሜ ቡና እያፈላሁ «የሰፈራችን ቡድን የታለ?» ብዬ ጠየቅሁት። ሳቀብኝ። የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ በእነዚህ ጨዋታዎች ውስጥ የለም። ነብሮቹ ሀዲያ ሆሳዕናዎች የሉም፤ በ2016 የውድድር ዓመት ሊጉን የተቀላቀለው ሀምበሪቾ ዱራሜም የለም። ጊዮርጊስና ቡናም የሉም። ልጆቻችን ማንቸስተርን ሆነው ሲጫወቱ ያደጉት አንድም ሌላ ስላልተሰጣቸው ነው።

«ግን መሥራት ይቻላል» አለ ልጄ። ፔስ ውስጥ «ኤዲት» የሚባል ክፍል አለ። የቡድን ስም፣ የማሊያ ቀለም፣ የተጫዋች ስም፣ ቁመትና ፍጥነት እየገባህ ትለውጣለህ። በአዲሱ በኩልም ከፊፋ 22 ጀምሮ የራስን ክለብ መፍጠር ይቻላል።

ከዚያ ወዲያ ቤታችን ተለወጠ። ልጄ የሀዲያ ሆሳዕና ጨዋታ በቴሌቪዥን ሲተላለፍ ደብተርና እስክሪብቶ ይዞ ይቀመጥ ጀመር። ለእያንዳንዱ ተጫዋች ከመቶ ነጥብ ይሰጣል፤ ለፍጥነት፣ ለኳስ ማቀበል፣ ለአየር ኳስ። አባቱ «ይሄ ተከላካይ 60 ብቻ? ግፍ ነው!» ይላል። እሱ ምክንያቱን ያስረዳል። ያለ ጨዋታው ስለ ምንም የማይነጋገሩ ሁለት ሰዎች ናቸው። ሳላውቀው ልጄ የዚያ የአሜሪካ አሰልጣኝ ጠያቂዎች የሠሩትን ሥራ ሳሎናችን ውስጥ ሠራ።

ዛሬ ማታ ይጠይቁት

ፈተናውን አልፏል። በጨዋታው ምክንያት ነው አልልም፤ ጨዋታው ግን አላስወደቀውም። አንዳንዴ ሰዓቱን ያሳልፋል፤ አንዳንዴ እንጣላለን። የት እንዳለ ግን አውቃለሁ። ሲሸነፍ ምን እንደሚሰማውም አውቃለሁ፤ ምክንያቱም እኔም ተሸንፌያለሁ፣ በራሴው ሀዲያ ሆሳዕና 7 ለ 0።

እርስዎ ከእኔ በተሻለ መጀመር ይችላሉ። ልጅዎ እስኪጠፋ አይጠብቁ። ዛሬ ማታ ራት ላይ፣ ስለ ውጤቱም ስለ ፈተናውም ሳያነሱ፣ አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቁት፤ «ፊፋ ወይስ ፔስ? ለምን?» ከዚያ ዝም ብለው ያዳምጡ። መልሱ ከሦስት ቃል በላይ እንደሚሆን ቃል እገባልዎታለሁ።